የአኒስ ሰላምታ

መጋቢት 18 ቀን 2014፣ ድሬዳዋ

ይህን ደብተር የገዛሁት ስለ እግሬ ልጽፍበት ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ «ሕመሙን በየቀኑ መዝግበው፣ ለቀጠሮህ ይጠቅማል» ብላኝ ነበር። ስለ እግሬ የምጽፈው ብዙም የለኝም።

ዛሬ መጋላ ሠፈር ሄጄ ነበር። የሄድኩት ለአዴ መድና ልጇ አኒስ መሞቱን ልነግራት ነው። ሳልነግራት ተመለስኩ። ሳልነግራት መመለሴ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር።

አኒስና እኔ አንድ ቀን ተመዝግበን፣ አብረን ሠልጥነን፣ አንድ ጓድ ውስጥ የተመደብን እግረኞች ነን። ሁለታችንም የድሬ ልጆች ስለሆንን የመቶ መሪያችን «ባቡሮቹ» ይለን ነበር። አኒስ ኅዳር ላይ ሞተ። እኔ በዚያው ሰሞን እግሬን ተመትቼ ወደ ኋላ ተላክሁ። ሆስፒታል ተኝቼ ለራሴ የምለው «ድሬ እንደገባሁ መጀመሪያ እናቱ ጋ እሄዳለሁ» ነበር። ከገባሁ ሰነበትኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። መጀመሪያ ክራንቹን አየች። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። ሰው እንደሌለ ባረጋገጠች ጊዜ ፊቷ በራ። ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። መርዶ በአንድ ሰው አይመጣም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚመጣው። እኔ ብቻዬን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በባጃጅ መጣሁ። ለእሷ ይኼ ከምሥራች አይተናነስም።

«ሰይፉ፣ አኒስ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው። ሰላም ብሎሻል» አልኳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፣ የደስታ ነው። ጾም ላይ ነኝ ስላት ሩዝ በቲማቲም ሠርታ አቀረበችልኝ። ይህንንም ልጻፈው፤ ጠግቤ ነው የወጣሁት።

መጋቢት 19

ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ፣ የሠፈራችን ዕድር ዳኛ ነው። ነገር ሁሉ በሰዓቱና በወረቀቱ እንዲሆን ይፈልጋል።

«ከመከላከያ ወረቀት ሳይመጣ አንተ ማን ነህና መርዶ ትነግራለህ? ቢሳሳትስ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

 መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። «ቢሆንም» አለ። «ለእናት እንዲህ በዘፈቀደ አይነገርም። የአኒስን አጎት ሼህ ዓብዱልአዚዝን አነጋግረዋለሁ። እስከዚያ እንዳትተነፍስ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ።

መጋቢት 25

ረመዳን ገብቷል። አዴ መድና ልጅ ልካ ለማፍጠሪያ ጠራችኝ። አለመሄድ ይቻል ነበር። «አሞኛል» ማለት ማንን ገደለ?

ሄድኩ። ለእኔ ብቻ የምስር ሳምቡሳ በሌላ ዘይት ጠብሳ ለብቻው በሰሃን ሸፍና አስቀምጣለች። «ከሥጋው ጋር አልነካካሁትም፣ ወላሂ፣ ጾምህን ፈርቼ ነው» አለችኝ። እሷ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ ለእኔ ጾም ትጨነቃለች።

«ደወለ?» አለችኝ ቴምሩን እያቀበለችኝ።

«ኔትወርክ የለም እዚያ። በሰው በኩል ነው። ሰላም በላት፣ ለረመዳን እንኳን አደረሰሽ በላት ብሏል።»

ይኼኛውን ማንም አላስገደደኝም። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ፊቷ እንደዚያን ቀን ሲበራ ማየት ፈለግሁ መሰለኝ።

መጋቢት 27

በችኮላ። ባርኸድ የሚባለው ባለባጃጅ ከእኔ ሒሳብ አይቀበልም፤ «የወታደር አልበላም» ይላል። ዛሬ ከሠፈራችን ከከዚራ ሲያደርሰኝ በመስታወቱ አየኝና «ዋርያ፣ ባለፈው በግራ አልነበር እንዴ የምታነክሰው?» አለ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የተመታሁት ቀኙን ነው። ግን ባለፈው በየትኛው ነበር?

ሚያዝያ 2

አባዬና ሼህ ዓብዱልአዚዝ ከሦስት ቀን በፊት ተገናኙ። እኔም ነበርኩ። ሼሁ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የወንድሙን ልጅ ሞት ሲሰማ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ጺሙን ይዞ ቆየ። ከዚያ «ስኳር አለባት። በጾም ላይ ይኼን ብትሰማ ትወድቃለች። ኢድ ይለፍ» አለ። አባዬም «የእኛም ፋሲካ ደርሷል፣ በዓመት በዓል ደጃፍ መርዶ ይከብዳል» አለ። ተስማሙ። እኔን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተቃወምኩም።

ከዚያ ወዲያ መጋላ ውስጥ ያልሰማ የለም፣ ከእሷ በቀር። እሷ ስታልፍ ባለሱቁ ሒሳብ እንደሚደምር ሰው ያቀረቅራል። ትናንት ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ይኼ ነው ጓደኛው?» «አዎ፣ ይኼ ነው የተረፈው።» ክፉ አላሉም። የተረፈው ነው ያሉት።

ሚያዝያ 6

ቀትር ነው። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ተደብቆ ተኝቷል፤ መንገዱ ላይ ውሻም የለ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

አኒስን ላስታውሰው ስሞክር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሥልጠና ላይ የመቶ መሪውን «አንተ» ያልኩት ቀን ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ የት አለ? አባቴንም አንተ እያልኩ ነው ያደግሁት። ተንበርክኬ ስቀጣ አኒስ በሳቅ ፈረሰና እሱም አጠገቤ ተንበረከከ። በኋላ ምሽግ ስንቆፍር እኔ ዶማ ስይዝ እሱ አካፋ ይይዛል። ሲሰግድ ዘብ እቆምለታለሁ፤ እኔ ስተኛ እሱ። ፀሐይ በየት ወጥታ በየት እንደምትገባ አይቶ የሚሰግድበትን አቅጣጫ፣ ቂብላውን፣ ራሱ ያገኘዋል። በቃ እንዲህ ነው የኖርነው። ጀግንነት አልነበረም። ቅማል፣ ብርድና ብስኩት ነበር። ድሬ ላይ ያደገ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ እዚያ ነው ያወቀው።

የሞተው ጠዋት ነው። ፀሐይ ልትሞቅ ስትል፣ ካልሲውን እያሰጣ ተመታ። ሮጬ ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር። ሰዎች «ምን አለ? የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» ብለው ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። ምንም አላለም። ውሃ እንኳን አላለም። እናቴን ሰላም በሉልኝ አላለም።

እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ሰላምታ አመርትለታለሁ። መጀመሪያ አጭር ነበር። አሁን ቀልድ ሁሉ ጨምሬበታለሁ፤ «አዴ የምትሠራው ሾርባ በሕልሜ ይመጣል» ብሏል ብያታለሁ። ሾርባውን የምወደው እኔ ነኝ። በነጋታው ሠርታ ላከችልኝ።

አባዬ «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይላል። ስንቁስ ልክ ነው፣ ተሸክሜ አይቼዋለሁ። ውሸቱ ግን ለእኔ አልቀለለኝም። እናቱ ስለምታሳዝነኝ ነው የምዋሸው እላለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ዝም በል ስላሉኝ ነው እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ዝም በል እንጂ ሾርባ ጠጣ አላሉኝም።

ሚያዝያ 12



አዴ መድና «ና አቦ፣ አንድ ነገር አለኝ፣ አታስቸግረኝ» ብላ ልብስ ሰፊው ኻሊፍ ጋ ወሰደችኝ። በረንዳ ላይ ማሽኑን ዘርግቶ የኢድ ልብስ ሲሰፋ ሰው ከቦታል። ነጭ ጨርቅ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ለአኒስ ጀለቢያ ላሰፋለት ነው። ለኢድ ባይደርስም ሲመጣ ይለብሰዋል። ቁመታችሁ እኩል ነው፣ በአንተ ይለካ» አለች። ከዚያ ጎኔን ዳበስ አድርጋ «ግን ከስቷል ወይስ እንደ ድሮው ነው?» አለችኝ።

«ትንሽ ከስቷል» አልኳት።

«እንግዲያው ጠበብ አድርገው» አለችው ኻሊፍን።

ኻሊፍ ያውቃል። የከበቡት ሰዎችም ያውቃሉ፤ ወሬው ሁሉ ቆመ። ሜትሩን ደረቴ ላይ ሲያዞር ፊቱ ጆሮዬ ጋ ደረሰና ቀስ ብሎ «ልስፋው?» አለኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ቆይ» ብለው ይበቃ ነበር።

«ስፋው» አልኩት።

ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ

አዴ መድና እንኳን አደረሳችሁ ልትል በነጭ ሻሿ ከዚራ እኛ ቤት ድረስ መጣች። እማዬ አጠገቧ ተቀምጣ ፊቷን ማየት አቃታት፤ በየደቂቃው «ቡና ልይ፣ ውሃ ልይ» እያለች ወደ ጓዳ ትሮጣለች። አዴ መድና «የኔነሽ፣ አንቺስ ታድለሻል፣ ልጅሽ አጠገብሽ ነው» አለቻት። ቅናት የለበትም፣ እንዲሁ ነው ያለችው። እማዬ ጓዳ ገብታ ቆየች።

ስሸኛት ከበር ስወጣ እማዬ ከኋላዬ መጣችና «ክራንችህን» አለችኝ። ረስቼው ነበር። አቀበለችኝ፣ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ሚያዝያ 24

ኢድ። ጀለቢያው ተተኩሶ ሳሎኗ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የገባው ሁሉ አይቶ ዓይኑን ይሰብራል፤ እሷ ለሁሉም «የአኒስ ነው» ትላለች።

አልበላሁም። ሆዴን አሞኛል አልኩ። ይኼም ውሸት ነው።

ሚያዝያ 27

ሳቢያን የሚኖር ሽሬ የሚባል ወጌሻ አለ፤ በእግር ኳስ የተሰበረ ሁሉ የሚሄደው እሱ ጋ ነው። አዴ መድና ሳትነግረኝ ቀጠሮ ይዛ ዛሬ በባጃጅ ወሰደችኝ። «ሆስፒታሉ ቆርጦ መስፋት እንጂ ማሸት አያውቅም» ብላ። በመንገድ ላይ ሁሉ እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ሽሬ ቅባት ቀብቶ አሸኝ። ጠባሳውን አለፈና አጥንቱን ጫነ። ቁርጭምጭሚቴን ወዲህ ወዲያ አዞረ። ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ፣ ያየኝ ለረጅም ጊዜ ነው። ዓይኔን ሰበርኩ።

«ይኼ እግር ድሮ ነው የዳነው» አላት። «ዳገት ይወጣል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ታፍራለች፣ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ» አለች። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ትመለሳለህ። ልብሱን ትወስድለታለህ።»

ስንመለስ ስለ ቦርሳ አወራች። ጀለቢያው እንዳይጨማደድ ከላይ አድርገው፣ ቴምሩን ከሥር አድርገው፣ ለጓደኞቹም ይበቃል። ክራንቹ ባጃጁ ወለል ላይ ተኝቶ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ነጂው ያ «የወታደር አልበላም» የሚለው ባርኸድ ነበር። ሒሳቡን ግን ዛሬ ተቀበለኝ።

ሚያዝያ 28

የጦር ክፍሌ ሰዎች ደወሉ። ቀጠሮ የለም አሉኝ፣ የሕክምና ፈቃድህ አልቋል፣ ሪፖርት አድርግ።

እማዬ ስትሰማ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን ከውሃው ሳታወጣ «የእሷን ልጅ እግዜር ወሰደው። የእኔን ደግሞ እሷ ትውሰድብኝ?» አለች። ወዲያው ራሷ ደንግጣ አማተበች። እኔ ልገሥጻት አፌን ከፈትኩ። እኔ ማንን ልገሥጽ እችላለሁ? እኔም ትናንት ከሽሬ ቤት ስወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አዴ መድና አልነበረም።

ሼህ ዓብዱልአዚዝ ጋ ሄድኩ፣ ያለ ክራንች። «አሁን ንገሯት» አልኩት። «እህቷ ከጅጅጋ ትምጣ፣ ሳምንት እንታገሥ» አለ። «ሳምንት የለኝም። ቦርሳ እየሰበሰበች ነው። እናንተ ካልነገራችኋት እኔ ብቻዬን እነግራታለሁ» አልኩት። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። አየኝና «ብቻህንማ አይሆንም» አለ።

ግንቦት 2

ከፈጅር ሶላት በኋላ ተሰበሰብን። ሼህ ዓብዱልአዚዝ፣ የመስጊዱ ሰዎች፣ ኻሊፍ፣ አባዬም ጋቢውን ለብሶ ከዕድሩ ሰዎች ጋር። ጎረቤት ሴቶች አስቀድመው በየበራቸው ቆመው ነበር። እኔ ከሁሉም ኋላ ቆምኩ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ሰዉን አየች። ማንም ሳይናገር ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ሼሁ አጠገቧ ተንበርክኮ የሚለውን አለ። ሴቶቹ ጮኹ። እሷ አልጮኸችም፤ ዓይኗ ከሰው ሰው እየዘለለ ይፈልግ ነበር።

«ሰይፉ የታለ?» አለች።

መንገድ ለቀቁልኝ። ፊቷ ቆምኩ።

«ያ ሁሉ ሰላምታ የማን ነበር?»

ድምፅዋ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው፣ የሚከስ አይደለም። ማወቅ ፈልጋ ነው። ሼህ ዓብዱልአዚዝ ተሽቀዳድሞ «እኛ ነን፣ መድና፣ ጾሙ ይለፍ ያልነው እኛ ነን» አለ። አባዬም «ያስቆየሁት እኔ ነኝ፣ ልጄን አትቀየሚው» አለ። ሁለት ሽማግሌዎች የእኔን ጥፋት ሲሻሙልኝ ቆሜ አየሁ።  ሴቶቹ አንስተው አስገቧት።

ቀኑን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሳመላልስ ዋልኩ። ሩቅ ሰው ያጽናናኝ ነበር። «ጓደኛህ ነው አሉ፣ አይዞህ።» አይዞህ ባሉኝ ቁጥር የምገባበት አጣሁ።

ግንቦት 6

ነገ እሄዳለሁ። ዛሬ ሴቶቹ ቀለል ሲሉ ልሰናበታት ገባሁ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ጀለቢያውን ለሰደቃ ሰጥታዋለች።

ቆሜ «ሰላምታው የእኔ ነበር» አልኳት። ሽማግሌዎቹ በሌሉበት፣ በራሴ አፍ። «እሱ ምንም አላለም። ለመናገር ጊዜ አላገኘም።»

ራሷን ነቀነቀች። «የት ነው ያለው?» አለች። ነገርኳት፤ ከኮረብታው ወገብ፣ የድንጋይ ካብ አጠገብ፣ የወይራ ዛፍ ሥር። ሦስት ሆነን እንደቆፈርን ነገርኳት።

«ፊቱን ወደ ቂብላ አዞራችሁት?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷ ሲበራም ታይቶኝ ነበር።

«አላዞርነውም» አልኳት። «መሬቱ እንደፈቀደልን ነው የቆፈርነው። ተኩስ ነበር። አቅጣጫውን አውቀው ነበር፣ በየቀኑ ሲሰግድ አየው ነበር። በዚያ ሰዓት አልመጣልኝም።»

ምንጣፉን በመዳፏ ስትዳብስ ቆየች፣ እጥፋቱን እያስተካከለች። ይቅር አላለችኝም፣ አልረገመችኝምም። ልወጣ ስዞር ጠራችኝ።

«በዚያ ታልፋለህ?»

«ክፍላችን እዚያው አካባቢ ነው። አልፋለሁ።»

«እንግዲያው ቆም ብለህ ሰላም በልልኝ» አለች። «እናትህ ደህና ናት በለው። አንተ ታውቅበታለህ።»

እሺ አልኳት።